ከክርስትናው በኋላ የሚነገር

ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ ይሻው፣
ሀዋሳ

አባዬ፣ እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የሀዋሳ ሙቀት አላላው ወይስ እንደፈሩት ላብ በላብ አድርጎ አሰነፈዎት? ዓይንዎስ? ሐኪሙ ጨርቁን ሲፈታልዎ መጀመሪያ ያዩት የፍቅርተን ሽበት እንደሆነና እሷም እንደተቀየመችዎ ሰምቼ ለብቻዬ ስስቅ ነበር። አሁን ሐይቁ ዳር ወርደው ዓሣ አጥማጆቹን ያያሉ? ምግብስ ይስማማዎታል? እኔ በጸሎትዎ በሕይወት አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽዎትም። ሰሞኑን ብዙ ዋሽቻለሁ፤ ለእርስዎ የሚተርፍ ውሸት የለኝም።

ፍቅርተ እህቴ፣ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና አንድ ነገር ላስቸግርሽ። አባዬ ምሳቸውን ሳይበሉ አትጀምሪላቸው። ለምን እንዳልኩ ወደ ታች ስትወርጂ ይገባሻል። ከዘመድ የሞተ የለም፤ እሱን አትስጊ።

ደብዳቤውን የሚያደርስላችሁ አብሮኝ የሠራ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ሥራውን ለቆ ወደ እናንተ አገር መምጣቱ ነው። ሲሰናበተኝ መልካም መንገድ ማለት አቅቶኝ ቢያንስ ደብዳቤ አድርስልኝ አልኩት። ምሳ ጋብዙት፤ የሁለት ቀን መንገድ በእግሩ ነው የወረደው።

እርስዎ ሁልጊዜ አስቀድመው፣ ትምህርት ቤትህ እንዴት ነው? ይሉኛል። የምመራው ዩኒቨርሲቲ ነው እንጂ ትምህርት ቤት አይደለም እያልኩ ስንት ጊዜ አርሜዎታለሁ! አሁን የፈለጉትን ቢሉት አይከፋኝም። ጉና ግርጌ ዩኒቨርሲቲ ብለን በትልቁ የጻፍነው ሰሌዳ በነፋሱ ግማሹ ወድቆ «ጉና ግርጌ» የሚለው ብቻ ቀርቷል። ሁለት ሺህ መቶ ተማሪ ነበረን፤ ዛሬ ጠዋት በተቆጠረው ዘጠኝ መቶ አርባ ናቸው። ከመምህራኑ በዚህ ዓመት ብቻ ሠላሳ አንዱ ለቀዋል። አዲሱ ቤተ መጻሕፍት ጣሪያው ካለቀ ሁለት ዓመቱ ነው፤ መስታወት የጫነው መኪና መንገድ ላይ ቀርቶ መስኮት የሌለው ቤት ሆኗል። ጭጋጉ ከላይ ይወርድና መደርደሪያዎቹ መካከል እንደ ተማሪ ይዞራል።

የውሃ መሳቢያው ሞተር ተቃጥሎ ልጆቹ ከወንዝ ይቀዳሉ። ምረቃው ሦስት ጊዜ ተላልፏል። የመውጫ ፈተናው በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው፤ ኮምፒውተሩ አለ፣ መስመሩ የለም። ምግብ ቤቱን እስካሁን ያቆየው ድንች ነው። የእርሻ ክፍሉ ለምርምር የተከለውን ድንች ሁለት ወር ሙሉ በላነው፤ እኔም ለበላይ በጻፍኩት ሪፖርት ላይ «የምርምር ውጤት ለተጠቃሚው ደርሷል» ብዬ አሰፈርኩ። ይሳቁብኝ፤ እኔም ስጽፈው ስቄያለሁ።

ይህን ሁሉ የደረደርኩት ዋናውን ነገር ለመጻፍ እጄ ስላልታዘዘልኝ ነው። እንግዲህ ልናገር።

ጽጌ ኃይለሚካኤል የምትባል የሦስተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ነበረችን። አገሯ ከጉና ወዲያ ማዶ፣ በበቅሎና በእግር አንድ ቀን ተኩል የሚያስኬድ ነው። ቀጭን፣ ተከራካሪ ልጅ ነበረች። ቤተ መጻሕፍቱ መስኮት እስኪገባለት ይዘጋ ብዬ ሳዝ ቢሮዬ ድረስ መጥታ፣ ጋቢ ለብሰን እንገባለን፤ ብርዱ የእኛ፣ ቁልፉ የእርስዎ ብላ አስከፈተችኝ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሆዷን አመማት። ነርሷ ትርፍ አንጀት ሳይሆን አይቀርም፣ ቶሎ ደብረ ታቦር ወርዳ ካልተቀደደች አትተርፍም አለችን። በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። መንገዱ ግን በግጭቱ ተዘግቶ አራተኛ ቀኑ ነበር። አምቡላንሳችን ሁለት ጊዜ ወጥታ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። በሦስተኛው ወንዶቹ ተማሪዎች አልጋ ነቅለው ቃሬዛ ሠሩና እየተፈራረቁ ተሸክመዋት ወረዱ። ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ግንቦት ሁለት ቀን አረፈች። ይዘዋት ተመለሱ። አስከሬኗን ጉናን አሻግሮ ለአገሯ አፈር ማብቃት አልተቻለምና እዚሁ አጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ቀበርናት፤ እናት አባቷ ሳያለቅሱላት።

እስከዚህ ድረስ ያለውን መከራ እግዜር ያውቀዋል፤ የኔ ጥፋት ከዚህ በኋላ ነው። በማግስቱ አንድ ቄስና ሁለት ሽማግሌ መርጠን ወደ ቤተሰቧ እንልካለን ተባብለን ነበር። ዝናብ ገባ፤ ቄሱም ታመሙ፤ ነገ ከነገ ወዲያ ስንል የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊያችን አንድ ወረቀት ይዞ ገባ። የሐዘን መግለጫ ነው፤ ፎቶዋን ከመታወቂያዋ አንስቶ፣ በጥቁር ከቦ፣ «ለቤተሰቦቿና ለወዳጆቿ መጽናናትን እንመኛለን» ብሎ። ጥሩ ነው ብዬ ፈረምኩ! አባዬ፣ በአገሩ መርዶ ሲኖር ከሦስት ቀበሌ መጥተው የሚጠሩት እርስዎን ነበር፤ የእርስዎ ልጅ መርዶ መሆኑን ሳያውቅ መርዶ ላይ ፈረመ። የማኅተም ቀለሙ ደብዝዞ ስለነበር ድገምበት ማለቴንም አስታውሳለሁ። ኃላፊው ከተማ ወርዶ፣ ኢንተርኔት በተከፈተባት በዚያች ግማሽ ቀን ፌስቡክ ላይ ለጠፈው።

የጽጌ አባት አቶ ኃይለሚካኤል በሳምንቱ ቅዳሜ ለክርስትና ድግስ የሚሆን በግ ሊገዙ ገበያ ወጥተዋል። ከከተማ የመጣ አንድ ነጋዴ ስልኩን ከፍቶ፣ ይህች ያንተ ልጅ አይደለችም? ብሎ አሳያቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ፎቶዋን አይተው ተመረቀች መስሏቸው ፈገግ አሉ አሉኝ። ነጋዴው ነው አንብቦ የነገራቸው፤ በገበያ መሐል፣ የበጉን ገመድ እንደያዙ። ይህን ስሰማ የገባሁበት ጠፋኝ። ዛሬም እዚያው ነኝ።

እሳቸው ግን ማልቀስ እንኳ አልተፈቀደላቸውም። ሚስታቸው ወይዘሮ ካሰች አራስ ነበረች። መጋቢት አሥራ ዘጠኝ ሴት ልጅ ተገላግላ፣ ደም አልቆም ብሏት ሞታ የተመለሰች ሴት ናት። በገበያው ዕለት ማታ የመንደሩ ቄስና ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እስክትነሳ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ገዘቱ። ጡቷ ቢደርቅ ሕፃኗ ትሞታለች፤ ደሟ ቢመለስ እሷም። ጥቁር ለብሶ አራስ ቤት የሚገባ እንዳይኖር፣ ልጆች እንዳያወሩ፣ አባት ጠጉሩን እንዳይላጭ። አገሩ በሙሉ አፉን ዘጋ። አሁን ድረስ እንደዘጋ ነው።

እኔ የግዝቱን ነገር ሳልሰማ ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ግንቦት አሥራ አራት ደረስኩ። አቶ ኃይለሚካኤል መምጣቴን ሰምተው ከመንደሩ ወዲህ ወንዙ ዳር ጠበቁኝ። ከበቅሎ ወርጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አቆሙኝና፣ ልጄን ቀበርካት፣ አፈር አልብሰሃታልና እግዜር ይስጥህ፤ መርዶዬን ግን ለገበያ ሰጠኸው አሉኝ። ዶክተር ነኝ ልበል? ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና፣ እዚሁ አልቅስና ጨርሰህ ግባ አሉ። ካሰች ልጄ ለፋሲካም አልመጣች፣ መልእክትም የላት እያለች መብሰክሰክ ጀምራለች፤ ከዩኒቨርሲቲው ሰው መጣ መባሉን ሰምታለች፤ ገብተህ ደህና ናት በላት አሉኝ። ሁለታችንም እዚያ ወንዝ ዳር አለቀስን። እሳቸው ፊታቸውን ታጥበው፣ የኔንም አይተው፣ ዓይንህ እስኪነጣ ትንሽ እንቆይ አሉ። ቆየን።

አባዬ፣ ያን ቀን ለወይዘሮ ካሰች ያወራሁላት ዩኒቨርሲቲ እንዴት ያለ ዩኒቨርሲቲ ነበር መሰለዎት! መንገዱ ተከፍቷል አልኳት። ውሃው ሃያ አራት ሰዓት ይፈሳል። የቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ገብቶ ሲያበራ ከሩቅ ይታያል። ምረቃው ቀኑ ተቆርጧል፤ ለፋሲካ ያልተለቀቁትም ፈተና ደርሶባቸው ነው። ለበላይ አካል እንኳ እንዲህ ያለ ሪፖርት አቅርቤ አላውቅም። መደብ ላይ ተቀምጣ፣ ሕፃኗን ታቅፋ፣ በጆሮዋ ሳይሆን በመላ ፊቷ ነው የምትሰማኝ። ጽጌ ቀጥናለች? ብላ ጠየቀችኝ። የለም፣ ሞላ ብላለች አልኩ። ብርዱን ትችለዋለች? ጋቢ አላት አልኩ፤ እሱስ እውነት ነበር። ከሰው ትጣላለች? ብላ ስትጠይቅ ከኔ ጋር ተጣልታለች ብዬ የቁልፉን ነገር ነገርኳት። ሳቀች! የኔ ልጅ ናት፣ አትለቅም አለች። አቶ ኃይለሚካኤልም በሩ ላይ ቆመው አብረው ሳቁ። እሳቸው ሲስቁ ማየት ነው ወገቤን የቆረጠው።

የአራስ ገንፎ አቀረቡልኝ። ዋጥኩት።

ስነሳ እጄን ያዘችና ሁለት ነገር አለችኝ። አንደኛው፣ የልጄን ወሬ ከዚህ በኋላ ከእርስዎ በቀር ከማንም አልሰማም፤ ሌላው ሰው ሁሉ ደህና ናት ሲለኝ ዓይኑን ይሰብራል፣ እርስዎ ግን ፊት ለፊት አዩኝ። ሁለተኛው፣ ለዚች ለትንሿ እስካሁን ስም አላወጣንላትም፤ ጽጌ ታውጣላት ብያለሁ፤ ለክርስትናው ስሙን ይዘውልኝ ይምጡ። እሺ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ ተበላሸ። ሬሳ ስም አያወጣ፤ እኔ ደግሞ በሞተች ልጅ ስም ስም ልፈጥር? ሦስት አራት ስም ጻፍኩና ሰረዝኩ። እስካሁን የዋሸሁት ለወተቱ ነው፤ ይሄኛው ውሸት ግን ከሕፃኗ ጋር የሚያድግ ነው፤ እስክታረጅ ድረስ ትጠራበታለች።

ባለፈው ሰኞ ብርቱካን የምትባል የጽጌ የመኝታ ክፍል ጓደኛ ክሊራንስ የሚሉትን የመልቀቂያ ወረቀት ልታስፈርም ቢሮዬ መጣች፤ ትምህርቱን ትታ አገሯ መግባቷ ነው። ብዕሬን አንስቼ ድንገት ጽጌ ስለ እናቷ መውለድ ሰምታ ነበር ወይ? አልኳት። እንዴት ሳትሰማ ትቀራለች! አለችኝ። ወሬውን አንድ ጨው ነጋዴ አምጥቶላት፣ ሴት ናት ሲላት አልጋ ላይ ወጥታ ስትጨፍር የአልጋው ርብራብ ተሰብሮ ነበር አለች። ስሟንም ያን ቀን አውጥታላት ነበር፤ ማንም እንዳይቀድመኝ ሰኔ ላይ ራሴ ይዤው እሄዳለሁ ትል ነበር። ዓይናለም። ዓይናለም ማለት ስድስተኛ ክፍል ያስተማረቻት መምህርት ናት አሉ። አባቷ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ሊድሯት ቃል ሲሰጡ፣ ያቺ መምህርት ዳገቱን ሦስት ጊዜ ወጥታ፣ ደጃቸው ላይ ቁጭ ብላ ጋብቻውን አስተወቻቸው። ጽጌ ያለ እሷ ሒሳብም ዩኒቨርሲቲም አታውቅም ነበር። እናቷ ስሙን እንደሰማች ከማን እንደመጣ ታውቀዋለች፤ ከጽጌ በቀር ማንም አያወጣውም።

ብርቱካን ፊት አለቀስኩ። የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ተማሪ ፊት ተንሰቀሰቀ ብላ ታውራ። ክሊራንሷንም ሳልፈርም አቆየሁት፤ እስከ መስከረም አስቢበት አልኳት።

አባዬ፣ እናታችን ያረፈች ጊዜ እኔ ሐረማያ ተማሪ ነበርኩ። እርስዎ በስልክም በሰውም አልላኩብኝም፤ አራት ቀን በአውቶቡስ ተንገላተው መጡ። በር ላይ ሳይዎት እንዴት ደስ አለኝ! ምሳ በላህ? አሉኝ። አልበላሁም ስል ሻይ ቤት ወስደው አበሉኝ፤ ራስዎ አንድ ጉርሻ ሳይቀምሱ ስለ ላሚቱ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ አዝመራው አወሩልኝ። እኔም ቂሉ እየሳቅኩ በላሁ። ከዚያ ከግቢው ጀርባ ወስደው ነገሩኝ። ይህን ለዓመታት ይቅር አላልኩዎትም ነበር፤ እናቴ ሞታ እየሳቅኩ ስበላ እንዴት ዝም ብለው አዩኝ እያልኩ። ነግሬዎት አላውቅም፤ አሁን ልንገርዎት። ያች ምሳ ባትኖር ለሦስት ቀን ውሃ እንኳ ባልዞረበት ሰውነት እንዴት አገሬ እደርስ ነበር? ያን ሁሉ የላሚቱን ወሬ ሲያወሩልኝ በሆድዎ ምን ይዘው እንደነበር የካሰችን ገንፎ ስውጥ ነው የገባኝ። ይቅር ይበሉኝ።

እሁድ ሰኔ ስምንት ሕፃኗ ክርስትና ትነሳለች። ነገ ጠዋት በበቅሎ እነሳለሁ። ቅዳሜ ስሙን አደርሳለሁ። የሰኔ ጾም ገብቷልና በጉም ተርፏል፤ ሽሮና ጠላ ነው አሉ። ሽማግሌዎቹ መርዶውን ሰኞ ንጋት ላይ ሊናገሩ ወስነው፣ ቄሱ አሉበት፣ አንተ ቅር ብለው ላኩብኝ። እኔ ግን፣ ከእርስዎ በቀር ከማንም አልሰማም ብላኛለች፤ እኔ ነኝ የምናገረው ብዬ መለስኩላቸው። አቶ ኃይለሚካኤልም፣ ይሁን፣ የጀመርከውን ጨርስ ብለው ልከውብኛል። ይቅርታ ነው አይደለም አላውቅም። ወይዘሮ ካሰች ግን ፊት ለፊት አይቶ የዋሸኝ እሱ ነው ብላ ዕድሜ ልኳን ብትረግመኝ አልፈርድባትም።

ለፍቅርተ ናፍቆቴ ብዙ ነው፤ ሽበትሽን አትቀቢው፣ አባዬ ይለዩሽበት። ለባለቤትሽ ለዓለምነው ሰላምታዬን አድርሱልኝ፤ ጀርባው እንዴት ሆነ? ልጃችሁ እሸቴ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው አይደል? ይበርታ፤ ከተመደበ እኔ ዘንድ እንዳይመደብ ጸልዩ ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ተውኩት፤ ይምጣ፣ አልጋም ድንችም አይጠፋም። ትንሿን ትዝታን ሁለቱን ጉንጯን ሳሙልኝ። ከፎቁ በታች ያሉትን፣ ለአባዬ ጋዜጣ የሚያነቡላቸውን ሽማግሌ ጎረቤታችሁንም ሳላውቃቸው ሰላም በሉልኝ።

አባዬ፣ ይህ ደብዳቤ ሲነበብልዎት ሰኞም አልፏል። ምክር ለመጠየቅ ዘግይቻለሁ፤ ያደረጉትን ሳይ ስለኖርኩ እሱን ይዤ እሄዳለሁ። ከነሽማግሌዎቹ ንጋት ላይ በሯ ላይ እቆማለሁ። ገና ስታየኝ ታውቀው ይሆናል። ዓይናለምን አጥብታ እስክትጨርስ ግን አፌን አልከፍትም።

ልጅዎ መልካሙ ይሻው
ጉና ግርጌ፣ ከደብረ ታቦር በላይ
ሐሙስ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.